ጄሉ ሲደርቅ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ፣ ምድር ቤቱ፣
«አልትራሳውንድ አለ» ይላል ወረቀቱ፤
ከሥሩ በእስክሪብቶ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፦
«መብራት ሲኖር ብቻ።» ከደጅ ረጅም ሰልፍ።

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ በባጃጅ ይመጣሉ፣
ሆዳቸውን ደግፈው ጉድጓድ ይቆጥራሉ።
ጫማቸው ላይ ነጭ የሲሚንቶ ብናኝ፣
አፋቸው ላይ ጥያቄ፣ በየቀኑ የሚያገኘኝ፦
«ሲስተር፣ ይህ ነገር ልጁን አይጎዳም ወይ?»
ሳትጨርሰው ደግሞ፣ ጄሉ ሲነካት፦ «ውይ!»

ዛሬ ዲንቂቱ ናት። ሃያ ሁለት ሳምንት።
«ጨረር ነው» ብለዋታል አማቷ፣ «ያነደዋል እንደ እሳት።»
«ጨረር አይደለም» አልኳት፣ «ድምፅ ነው፣ ቀጭን ድምፅ፣
ጆሮ የማይሰማው፣ ሄዶ የሚመለስ፣ ይዞ የልጁን ቅርፅ።
የገደል ማሚቶ አታውቂም? ጠርተሽው ስምሽ ሲመጣ፣
እንደዚያ ነው ሥዕሉም ከውስጥሽ የሚወጣ።»

ጣሪያውን ስታይ ቆየች።

«ድምፅስ ቢሆን?» አለች፣ «ባሌ ሲጮህ ማታ
እዚህ ጎኔ ሥር ይሸጎጣል፣ አይላወስም ላንዳፍታ።»

ለዚህ መልስ የለኝም። በሥልጠናውም አልነበረም።
በሥልጠናው የነበረው፦ «ጉዳቱ እስካሁን አልታየም፤
አልታየም ማለት ግን እንደ ልብ አብሩት ማለት አይደለም።
ድምፁ ሥጋ ላይ ሲቆይ ጥቂት ጥቂት ያሞቃል፤
የመጣበትን ያየ እጁን ቶሎ ያነሳል።»

ራሱን ለካሁት፤ ቀጥዬም የጭኑን አጥንት፤
የልቡን ምት ቆጠርኩ፦ መቶ አርባ ስምንት።
ውኃው በቂ ነው፤ እንግዴ ልጁም ከላይ።
«ተነሽ፣ ጨርሰናል።» «እንዴ! ትንሽ ልይ?»

ከመንገዱ ማዶ፣ ከቀለም ሱቁ በላይ፣
ቀይ መብራት ይጠፋል፣ ይበራል፣ በሰው ፊት ላይ፦
ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ፣ በስልክ የሚላክ፣
ያልተወለደ ፊት በወርቅማ ቀለም፣
ሙዚቃ ታክሎበት፤ የሚያነበው ግን የለም።
ዲንቂቱ በመስኮት አየችው። እኔም አየሁት።
«አትሂጂ» ልላት ነበር። ሥዕሏን አጣጥፋ ወጣች፣
መንገዱን ትሻገር አትሻገር እንጃ።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ጥበቃው ጋሽ ሽብሩ
በሩን ገርበብ አድርጎ ራት ሊያመጣ ሄደ።
ለማንም ያልነገርኩት፦ እኔም ዘጠነኛ ሳምንቴ ነው፤
ያለፈው ዓመቱ አሥረኛው ላይ ነው የቀረው።
እዚሁ አልጋ ላይ፣ በዚሁ ማሽን፣ ራሴ ነኝ ያየሁት፤
ድምፅ ላክሁ፣ ማሚቶው መጣ፣ ልቡ ግን ዝም።
በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ ስምንት ሴት አየሁ፤ አላለቀስኩም።

መብራት አለ። ማሽኑ ገና ያንጎራጉራል።
ሰኞ አየሁት፤ ይመታል። ረቡዕ ደገምኩ፤ ይመታል።
ዛሬ ዓርብ ነው።
ሸሚዜን ገለጥኩ፣ ጄሉን መዳፌ ላይ ጨመቅሁ።
አምስት ደቂቃ ማን ያየኛል? ማንስ ይቆጥርብኛል?

ግን ይህ ለእርሱ አይደለም፤ ለእኔ ስጋት ማስታገሻ፤
ነገም ይርበኛል፣ ከነገ ወዲያም፣ የለውም መጨረሻ።
አይጎዳውም ይሆናል። ይሆናል። ደግሞስ ባየው
ከአሥረኛው ሳምንት በር ላይ ቆሜ አላግተው።

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጄሉ መዳፌ ላይ ደረቀ፣
እንደ ስስ ቆዳ ሆነ። ላጥኩት።
ማሽኑን አጠፋሁ።

ባጃጁ ጉድጓድ ሲደርስ «ቀስ በል» አልኩት ሹፌሩን።
«ምነው፣ እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለ፣ ሳያዞር አንገቱን።
እጆቼ ሆዴ ላይ ነበሩ፤ መቼ እንደሄዱ አላውቅም።
«አዎ» አልኩት፣ ለማላውቀው ሰው፣ በአቧራው መሐል።
እሱም ቀስ አለ።